ዴንጀር፦ ከጌታ ቤት የወጣ ቃል

ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት፤ ቡና እስኪፈላ ወይም ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ አንብቧት። ከዓመታት በፊት ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ሰሞኑን በሜሴንጀር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ “ቲቸር፣ በድሮው እንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ ወንድሙን የሚቆጣ ሰው የፍርድ ‘ዴንጀር’ አለበት ይላል። ዴንጀር አደጋ አይደል እንዴ? ፍርድ እንዴት አደጋ ይሆናል? አማርኛው ላይ እኮ አደጋ የሚል ነገር የለም።”

እውነቷን ነው። አማርኛው ላይ አደጋ የለም፤ ሰውየው ፍርድ እንደሚገባው ነው የሚናገረው። ግሪኩም ላይ አደጋ የለም። ታዲያ እንግሊዞቹ ዴንጀርን ከየት አመጡት? በሁለት መስመር ልመልስላት ጀመርኩና አልሆነልኝም። ቃሉ የ800 ዓመት ጉድ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ከሥሩ እንጀምር። በላቲን ዶሙስ ማለት ቤት ነው። ከዶሙስ ዶሚኑስ ወጣ፤ የቤቱ አዛዥ፣ ጌታ ማለት ነው። የኛ ሰው ይሄን ለመረዳት ምንም አይቸገርም፤ “ባለቤት” ስንል ያው እኮ ነው። ቤት ያለው ሰው፣ ንብረቱ የሱ የሆነ ሰው፣ ከዚያም አልፎ የትዳር ጓደኛ፣ ሰዋስው ክፍል ውስጥ ደግሞ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት። ላቲኖቹም ከዶሚኑስ ብዙ ነገር አወጡ። ዶሚኒየም የጌትነት ሥልጣን፣ የባለቤትነት መብት ሆነ። ከዚህ ወገን በተራው ሕዝብ ላቲን የጌታን ሥልጣን የሚገልጽ ቃል ተወለደ፤ ይህ ቃል ወደ ድሮው ፈረንሳይኛ ሲገባ በመጀመሪያ “ዶንጂዬ” ከዚያ “ዳንጂዬ” ሆነ። ዶ ወደ ዳ የተለወጠችው ጉዳትን ከሚገልጸው “ዳምኑም” ከሚባል ሌላ የላቲን ቃል ጋር በሰው አፍ ስለተምታታች ነው ይባላል። ይሄ ዳንጂዬ ነው ዛሬ ትራንስፎርመር ላይ ከራስ ቅልና ከሁለት አጥንት በላይ የምታነቡት ዴንጀር።

ዘመዶቹን ብታዩ ትገረማላችሁ። መዳም “እመቤቴ” ማለት ነው፤ ከዚሁ ቤት ናት። ዶሚኔት ማድረግ የሚሉት ከዚሁ ነው። እስር ቤት፣ ጨለማ ጉድጓድ ማለት የሆነው ዳንጀን የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ብዙዎቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ከዚሁ የመጣ ነው፤ መጀመሪያ የጌታው ዋና ግንብ ነበር፣ በኋላ ግንቡ ሥር ያለው እስር ቤት ስሙን ወሰደ። እኛን በጣም የሚያስቀን ደግሞ ኮንዶሚኒየም ነው። “ኮን” አብሮ፣ “ዶሚኒየም” ባለቤትነት፤ አብሮ ባለቤት መሆን። እንግሊዝና ግብፅ ሱዳንን እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1956 አብረው ገዛን ሲሉ አገዛዙን ኮንዶሚኒየም ነበር ያሉት። (አብረው ገዙ ይባል እንጂ ቁልፉ ማን እጅ እንደነበረ ሱዳኖቹ ያውቃሉ።) እንግዲህ ዕጣ የምንጠብቅለት ቤትና የራስ ቅል የተሳለበት ምልክት የአክስት ልጆች ናቸው።

አሁን ወደ ታሪኩ። እ.ኤ.አ. በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝን ያዘ። ከዚያ በኋላ በግምት ለ300 ዓመት ቤተ መንግሥቱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ የመሬት ጉዳይ ሁሉ በፈረንሳይኛ ሆነ። ገበሬው እንግሊዝኛ ያወራል፣ ጌታው ፈረንሳይኛ። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ የፍርድ ቤትና የወንጀል ቃላት አብዛኞቹ ፈረንሳይኛ የሆኑት፤ ጀጅ፣ ኮርት፣ ፕሪዝን፣ ክራይም። ዴንጀርም ከነሱ ጋር ነው የገባው፤ በአለቃ ቋንቋ፣ በአለቃ አፍ።

ያኔ ትርጉሙ አደጋ አልነበረም። ዴንጀር ማለት ጌታው ባንተ ላይ ያለው ሥልጣን ነበር። የመቅጣት፣ የመከልከል፣ የማስከፈል ሥልጣን። በኖርማንዲ አንድ ባለ ጫካ የራሱን እንጨት ቆርጦ ሲሸጥ ለንጉሡ የሚከፍለው “ቲዬር ኤ ዳንጂዬ” የሚባል ግብር ነበር፤ “ቲዬር” ሲሶው፣ “ዳንጂዬ” ደግሞ አሥረኛው። ያለ ፈቃድ መቁረጥ አይቻልም። ጫካው ያንተ ነው፣ ዳንጂዬው የንጉሡ ነው። የኛ አያቶች ስለ ሲሶና እርቦ ሲያወሩ የሰማ ሰው ይሄን ለመረዳት መምህር አያስፈልገውም።

በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቃሉ በ13ኛው መቶ ዓመት ብቅ ሲል አንዱ ትርጉሙ ትዕቢት ነበር፤ የአለቃ ኩራት፣ ፊት መንሳት። ሌላው የጌታ ሥልጣን። ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚሄዱት፤ ሥልጣን ያለው ሰው ፊት ይነሳል፣ ደጅ ያስጠናል። “ዴንጀረስ ሰው” ማለት የሚያስፈራ ነፍሰ ገዳይ አልነበረም። ቀና ብሎ የማያይህ፣ ሰላምታህን የማይመልስ፣ እሺ ለማለት ዓመት የሚፈጅ ሰው ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው የት ቢሮ እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ እኔ አልናገርም።

ለዚህ ጥሩ ምስክር ጄፍሪ ቾሰር ነው። የካንተርበሪ ተረቶችን በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የጻፈው። መጽሐፉ መግቢያ ላይ ወደ ካንተርበሪ ለመሳለም የሚሄዱትን ሰዎች አንድ በአንድ ያስተዋውቃል። ከመካከላቸው አንዱ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት መጥሪያ አድራሽ ነው። ያኔ በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የራሷ ፍርድ ቤት ነበራት፤ ዝሙት፣ የትዳር ጉዳይ፣ አሥራት አለመክፈል እዚያ ነበር የሚታየው። ይሄ ሰውዬ ማን ከማን ጋር እንደተኛ እየሰለለ መጥሪያ ያመጣል። ካልፈለግህ ደግሞ ትሰጠዋለህ፤ ቾሰር እንደሚለው ለአንድ ማሰሮ የማትሞላ ወይን ጠጅ ብሎ አንዱን ሰው ዓመት ሙሉ ከቅምጡ ጋር ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። ፊቱ በብጉር የተሞላ፣ ሕፃናት አይተውት የሚሸሹት ሰው ነው። እና ቾሰር ስለዚህ ሰው ምን ይላል? የሀገረ ስብከቱን ወጣቶች ሁሉ በፈለገው መንገድ “በዴንጀሩ” አድርጓቸው ነበር፤ ምስጢራቸውን ያውቃልና።

ይሄን ቦታ የዛሬ ተማሪ ሲያነበው ወጣቶቹን አደጋ ላይ ጥሏቸው ነበር ብሎ ያልፈዋል። በፍጹም አይደለም፣ ባይባልም ሩቅ ነው። በእጁ አድርጓቸው ነበር ማለት ነው። አማርኛችን ያለው “በእጁ ነው”፣ “እጁ ላይ ወደቀ” የሚለው አነጋገር ከማንኛውም መዝገበ ቃላት በላይ ይሄን የቾሰርን ዴንጀር ይተረጉመዋል። ሰውየው ሰይፍ አልያዘም። የያዘው ምስጢር ነው። ማታ ማን ከማን ቤት እንደወጣ ያውቃል፣ በቃ። ቀኑን ሙሉ ፊቱን እያያችሁ ትስቁለታላችሁ፣ ወይን ትገዙለታላችሁ።

እዚያው መግቢያ ላይ ደግሞ ቾሰር የሚያከብረው አንድ ድሃ የገጠር ቄስ አለ። ሲያመሰግነው በንግግሩ “ዴንጀረስ” አልነበረም ይላል። ቄሱ አደገኛ አልነበረም ማለት ምን ዓይነት ምስጋና ነው? ለካ ኃጢአተኛ ሲመጣበት አይኮፈስም፣ አያንቋሽሽም ነበር ማለቱ ነው። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ያችው አምስት ጊዜ ያገባችው የባዝ ከተማ ሴትዮ አምስተኛ ባሏ በፍቅሩ ዴንጀረስ ነበር ትላለች፤ ፍቅሩን ይሰስትባት ነበር፣ ያስለምናት ነበር። በነገራችን ላይ ከቾሰር በፊት በፈረንሳይ፣ እ.ኤ.አ. በ1230 አካባቢ ጊዮም ደ ሎሪስ በጀመረው ስለ ጽጌረዳ በሚተርክ የፍቅር ግጥም ውስጥ ዳንጂዬ የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ። ጽጌረዳዋን የሚጠብቅ፣ ጸጉራም፣ ቆመጥ የያዘ ባላገር ዘበኛ ነው። የልጅቷን “እምቢ” ነው ሰው አድርጎ የሳለው። እንግዲህ ለጎረምሶቹ ዴንጀር ማለት የልጅቷ አሻፈረኝ ማለት ነበር። ይሄን እዚህ ልተወው፤ ሌላ ቀን ያወራናል።

ወደ ዕዳ እንምጣ፤ የቃሉ ዋና ጉዳይ እዚህ ነው።

የሰው ጌታ ባላባት ብቻ አይደለም፤ አበዳሪም ነው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተበደረ ሰው በአበዳሪው ዴንጀር ውስጥ ነው ይባል ነበር። ከዕዳ የወጣ ከዴንጀር ወጣ የሚል የቆየ አባባል አላቸው፤ ዛሬ ከአደጋ ወጣ እያሉ ነው የሚረዱት፣ ሲፈጠር ግን ከሰው እጅ ወጣ ማለት ነው። የሼክስፒር የቬኒሱ ነጋዴ (በ1590ዎቹ ማብቂያ የተጻፈ፣ በ1600 የታተመ ቴአትር ነው) ሙሉ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። አንቶኒዮ የሚባል ነጋዴ ለጓደኛው ለባሳኒዮ ብሎ ከሻይሎክ 3,000 ዱካት ለሦስት ወር ይበደራል። መያዣው የራሱ ሥጋ ነው፤ ካልከፈለ ከሰውነቱ አንድ ፓውንድ ሥጋ ይቆረጣል። መርከቦቹ ጠፉ ተባለ። ቀኑ አለፈ። ፍርድ ቤት ቀረቡ። ሻይሎክ በሁሉም ፊት ቢላዋውን መሳል ጀመረ። በዚህ ጊዜ ጠበቃ መስላ የለበሰችው ፖርሺያ ትገባና አንቶኒዮን በሻይሎክ “ዴንጀር” ውስጥ መሆኑን ትጠይቀዋለች።

ተማሪ እዚህ ጋ ሲደርስ ይስቃል። ቢላዋ እየተሳለ፣ ደረቱን ገልጦ ሊታረድ የተዘጋጀን ሰው “አደጋ ላይ ነህ ወይ?” ብሎ መጠየቅ ምን ማለት ነው? እሷ ግን የጠየቀችው የሕግ ጥያቄ ነው። በውሉ መሠረት በእጁ ነህ ወይ? ባለዕዳው ነህ ወይ? ነው። አንቶኒዮም ያምናል። ከዚያ እሷ ያን ውል ራሱን ይዛ ሥጋ እንጂ ደም አልተጻፈልህም ብላ ሻይሎክን ታጠምደዋለች። እና ልብ በሉ፤ እዚያው ችሎት ላይ፣ ነገሩ ከተገለበጠ በኋላ፣ ዴንጀር የሚለውን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ ትጠራዋለች፤ አሁን በሻይሎክ ላይ። የዜጋ ነፍስ ለማጥፋት ያሰበ የውጭ ሰው ነህና የተነገረው ዴንጀር በራስህ ላይ መጣ ትለዋለች። ነፍሱ በመስፍኑ ምሕረት ሥር ሆነች። ገንዘቡን አጣ፣ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ። ሻይሎክ አይሁዳዊ ነው፤ አይሁድ ከእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1290 በንጉሥ ትእዛዝ ተባረው ስለነበር ቴአትሩን ከሚያዩት አብዛኞቹ አይሁዳዊ ጎረቤት ኖሯቸው አያውቅም። የቴአትሩ ጥላቻ ያለምንም ጥርጥር አለ፤ ስናስተምረው ይሄን አለመናገር ነውር ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን አንዲት ቃል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ስትዞር ማየት ነው። ጠዋት ባለ ዴንጀሩ እሱ ነበር፣ ከሰዓት በሱ ላይ ሆነ።

ይሄ ሁሉ ሩቅ አገር እንዳይመስላችሁ። በኛ አገር “ቁራኛ” የሚባል ነገር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ፣ አበዳሪና ባለዕዳ ነገራቸው እስኪያልቅ በሰንሰለት ይታሰራሉ፤ ነገሩ ቀለል ሲል ደግሞ የነጠላቸው ጫፍ ይቋጠራል። ተቋጥረው አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ወደ አገራችን የመጡ የውጭ ሰዎች በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባ መንገድ ላይ እንዲህ ተቆራኝተው የሚሄዱ ሰዎችን ፎቶ አንስተዋል። አሁን ሰንሰለቱ ቀረ፣ ቃሉ ቀረልን። አንድን ሰው “በዓይነ ቁራኛ” ስንጠብቅ፣ በፍቅር “ስንቆራኝ”፣ ስለ ሁለት አገር “ቁርኝት” በዜና ስንሰማ፣ ያ ሰንሰለት ነው የሚያቃጭለው። ከማውቃቸው የአማርኛ ቃላት ውስጥ ለሼክስፒር ዴንጀር የሚቀርበው ቁራኛ ነው ብዬ አምናለሁ። አደጋ አይቀርበውም።

ጅዳና ቤይሩት ሆናችሁ ይሄን የምታነቡ ተማሪዎቼ ደግሞ ምናልባት ከእኔ በላይ ይገባችሁ ይሆናል። ከፋላ በሚሉት አሠራር የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። እሷ የት መሥራት እንደምትችል፣ መቼ መሄድ እንደምትችል በመዳም እጅ ነው። መዳም ደግሞ ከየትኛው ቤት የመጣች ቃል እንደሆነች ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

አሁን የልጅቷን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። በማቴዎስ 5 ላይ ግሪኩ “ኤኖኮስ” ይላል፤ ተጠያቂ የሆነ፣ በሕግ የተያዘ ማለት ነው። ዊልያም ቲንዴል አዲስ ኪዳንን ከግሪክ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1526 ሲያሳትም ለዚህ ቃል ዴንጀርን መረጠ። በ1611 የወጣው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ደግሞ እሱኑ ያዘ። በነሱ ጆሮ የፍርድ ዴንጀር ማለት የፍርድ ሥልጣን፣ የፍርድ እጅ ማለት ነበር። ሰውየው በፍርድ እጅ ወደቀ። አማርኛው “ይገባዋል” ሲል ያው ነው የሚለው። (ቲንዴል ራሱ በ1536 በዛሬዋ ቤልጂየም ውስጥ ታንቆ ተገደለ፣ ሬሳውም ተቃጠለ። በማን እጅ እንደወደቀ ያውቅ ነበር።) አዳዲሶቹ የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ቃሉን አውጥተው ተጠያቂ፣ ፍርድ የሚጠብቀው የሚል ዓይነት አስገብተዋል፤ አንባቢ እንደ ተማሪዬ ግራ እንዳይጋባ።

እና ሌላ ነገር። በዚያው በ1611ዱ መጽሐፍ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ላይ ጳውሎስን የጫነችው መርከብ ወቅቱ ስላለፈ ጉዞው “ዴንጀረስ” ሆነ ይላል። እዚህ ያለው የዛሬው ትርጉም ነው፤ ነፋስ፣ ማዕበል፣ መስጠም። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱም ዴንጀር ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አሮጌውና አዲሱ። ይሄ ለውጥ በፈረንሳይኛ ቀድሞ፣ በእንግሊዝኛ ከ14ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የመጣ ነው። እንዴት እንደመጣ ለመገመት አይከብድም። በሰው እጅ ያለ ሰው ሁልጊዜ ሊጎዳ ይችላል። ከጊዜ በኋላ “ሰው” የሚለው ተረሳና “ሊጎዳ ይችላል” የሚለው ብቻ ቀረ። ከዚያ ባሕርም፣ ገደልም፣ በሽታም ዴንጀር ያላቸው ሆኑ። ከኖርማኖቹ በፊት እንግሊዞቹ ለዚህ “ፕሌዮህ” የሚባል የራሳቸው ቃል ነበራቸው፤ ሞተ። “ፔሪል” የሚባለውም ከፈረንሳይኛ መጣ፤ እሱ እንኳ እስከዛሬ አለ፣ ግን የመድን ውልና የመጽሐፍ ቋንቋ ሆኖ ቀረ። መንገዱን ሁሉ የወሰደው ዴንጀር ነው።

አንድ የማይመቸኝ ነገር አለ፤ ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። በቾሰር ጊዜ ዴንጀረስ የሚባለው ከላይ ያለው ሰው ነበር። ባለሥልጣኑ፣ ኩሩው፣ መጥሪያ የያዘው። በ19ኛው መቶ ዓመት ቃሉ ተገልብጦ አገኘነው። እ.ኤ.አ. በ1840 ኦኖሬ ፍሬዢዬ የሚባል የፓሪስ ፖሊስ መሥሪያ ቤት ባለሥልጣን በትልልቅ ከተሞች ስላሉ “አደገኛ መደቦች” መጽሐፍ አሳተመ። አደገኞቹ እነማን ናቸው? ድሆች፣ ሥራ ፈቶች፣ ሌቦች፣ ሴተኛ አዳሪዎች። በ1872 ደግሞ ቻርልስ ሎሪንግ ብሬስ ስለ ኒውዮርክ አደገኛ መደቦች ሌላ መጽሐፍ ጻፈ። ብሬስ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በ1853 ለድሃ ልጆች የሚሆን ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው፣ ብዙ ሺህ ልጆችን በባቡር ወደ ምዕራብ ገበሬዎች ቤት የላከ ማኅበር። ሆኖም መጽሐፉ ውስጥ በርሜል ውስጥና በረንዳ ላይ የሚያድር ጋዜጣ አዟሪ ሕፃን ለከተማዋ ባለሀብት አደገኛ ሆኖ ነው የቀረበው። ክረምት ላይ በረዶ ውስጥ የሚተኛው ማን ነው? ሕፃኑ ነው። ዴንጀረስ የተባለውስ? እሱው።

በ1919 በአሜሪካ ሌላ መልክ ያዘ። ቻርልስ ሼንክ የሚባል የሶሻሊስት ፓርቲ ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የግዳጅ ውትድርናን የሚቃወም በራሪ ወረቀት አሰራጨ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሲያጸና ዳኛ ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ መንግሥት ንግግርን የሚከለክለው ግልጽና ቅርብ የሆነ ዴንጀር ሲኖር ነው የሚል መለኪያ አወጣ፤ ወረቀቱንም በዚያ ለካው። ፍርድ ቤቱ ከዚህ ጠበቅ ያለ መለኪያ ያወጣው ከ50 ዓመት በኋላ በ1969 ነው። የንጉሡ ዳንጂዬ የንጉሡ ሥልጣን ነበር። አሁን መንግሥት ሥልጣኑን ይጠቀምና ዴንጀር የሚለውን ስም ወረቀት ለበተነው ሰው ይሰጠዋል።

እኛም ጋ ቢሆን በ1996 ዓ.ም. ስለ “አደገኛ ቦዘኔነት” አዋጅ ወጥቶ ነበር። የኔ እድሜ ያላችሁ ቃሉን አትረሱትም። ሰፈር ድንጋይ ላይ የተቀመጠ ሥራ አጥ ልጅ ሁሉ በአንድ ሰሞን ይሄ ስም ከአፍ አፍ ሲዞርበት ነበር። ሌባ የለም፣ ቀማኛ የለም እያልኩ አይደለም። አለ፤ እኔም ሰፈር አለ። ነገር ግን “አደገኛ” የምትለው ቅጽል ማን ላይ ለመለጠፍ እንደምትቀልና ማን ላይ እንደማትለጠፍ ተመልከቱ። መጥሪያ አድራሹ ላይ የለጠፈው ቾሰር ብቻ ነው፣ እሱም በግጥም።

ከዚህ በኋላ ያለው ለተማሪዎቼ ነው፤ ሌሎቻችሁ መውጣት ትችላላችሁ።

አማርኛ አደጋ በእንግሊዝኛ ብዙ ቃል ነው፤ ችግር የሚፈጥርብን ይሄ ነው። በየዓመቱ ፈተና ወረቀት ላይ “የመኪና ዴንጀር አየሁ” የሚል እንግሊዝኛ በቀይ እስክሪብቶ አስተካክላለሁ። የደረሰ ነገር አክሲደንት ነው። ዴንጀር ገና ያልደረሰ ነው። “አደጋ ደረሰበት” እና “አደጋ ላይ ነው” አማርኛ ላይ ሁለቱም አደጋ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ይለያቸዋል። ድርቅና ጎርፍ የመሰለው ብዙ ሰው የሚጎዳው ደግሞ ዲዛስተር ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን “የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር” ሲሉ አደጋ ያሉት ዲዛስተሩን ነው፣ ስጋት ያሉት ሪስኩን ነው። አተረጓጎሙ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ስጋት ውስጥ የሚሰጋ ሰው አለ። የድሮ ሰዎች ደግሞ “አደጋ ጣለ” ሲሉ በድንገት ወረረ ማለታቸው ነበር። ያም እንግዲህ አድራጊ ያለው አደጋ ነው፤ አንድ ሰው ይጥለዋል እንጂ ከሰማይ አይወርድም።

“ሂ ኢዝ ዴንጀረስ” እና “ሂ ኢዝ ኢን ዴንጀር” አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ይጎዳል፣ ሁለተኛው ይጎዳበታል። ይሄን የሚያምታታ ተማሪ ብዙ ነው። ብሬስም ራሱ ሰዋስው ሳይሳሳት አምታቶታል።

ፋብሪካ የምትሠሩ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ምልክቶቹን ልዩነት ዕወቁ። በአሜሪካኖቹ ደረጃ መሠረት በተሠሩት ላይ ቀይ ሆኖ ዴንጀር የሚለው ካልተጠነቀቅህ ሞት ወይም ከባድ ጉዳት በእርግጥ ይደርስብሃል ማለት ነው። ብርቱካናማው ዋርኒንግ ሊደርስብህ ይችላል ነው። ቢጫው ኮሽን ቀላል ወይም መካከለኛ ጉዳት ነው። ሦስቱንም “ተጠንቀቅ” ብሎ መተርጎም አይበቃም። ማሽኑ ላይ የቱ እንደተለጠፈ ሳታዩ እጃችሁን አትስደዱ።

ሃዛርድ የሚለው ነው የቀረን። እሱ የዛር፣ የዳይስ ጨዋታ ስም ነበር፤ ቾሰርም አጥብቆ ይሰድበዋል። ሥሩ አረብኛ ነው የሚሉ አሉ፣ በመስቀል ጦርነት ጊዜ ከነበረ ምሽግ ነው የሚሉም አሉ፣ ክርክሩ ረጅም ነው። ፈተና አርሜ ስጨርስ እጽፈዋለሁ።